የማይረገጠው ሣር

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ከተኮለኮሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ሀብትነሽ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። የከተማዋ ስም ይቅር። ግቢው ውስጥ ሣር የሚያበቅል ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ሁሉ «ይህ ታሪክ የእኔ ነው» ብትል አትዋሽም።

ሀብትነሽ በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛ፣ ሚዛን እንዲደፋላት ብላ በርበሬዋ ላይ ውሃ አትረጭም። ሁለተኛ፣ ልጇ ፋና ጨዋ ናት።

በዚያች ከተማ ጨዋ ልጅ የሚባለው ምን ዓይነት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጨዋ ልጅ ያስቀመጧት ቦታ የምትገኝ ልጅ ናት። ጧት እዚህ ትተዋት ቢሄዱ ማታ እዚያው ትጠብቃለች፤ ልዩነቱ ጥላው ዞሮ ፀሐይ ያረፈባት መሆኑ ብቻ ነው። የሚሮጥ ልጅ ባለጌ ይባላል። የሚዘል ልጅ «ምን ነካው» ይባላል። የምትዘለው ሴት ልጅ ከሆነች ግን ለእሷ የሚባል ነገር የለም፤ እናቷ ናት የምትጠራው።

ፋና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጧት ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ከምሳ በኋላ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ደወል ሲደወል ቤቷ ትመጣና ከበርበሬው ክምር አጠገብ ተቀምጣ፣ እያስነጠሳት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት ድረስ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«የእኔ ልጅ እኮ» ትላለች ሀብትነሽ ለደንበኞቿ፣ «መኖሯም አይታወቅ።»

ይህን የምትለው ልጇን ለማመስገን ነበር። ደንበኞቹም «ታድለሽ» ይሏታል።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፊ ነው፤ ከክፍሎቹ ፊት ጀምሮ ከታች እስካለው ወንዝ ይደርሳል። ሜዳውን ያየ እንግዳ «እነዚህ ልጆች እንዴት ያለ መጫወቻ አላቸው» ማለቱ አይቀርም። ሜዳው ግን የልጆቹ አልነበረም፤ የሣሩ ነበር። በሐምሌ ይከለላል። ልጆቹ መስከረም ላይ ሲመለሱ ሣሩ ቁርጭምጭሚታቸውን ሸፍኖ ይቀበላቸዋል፣ በኅዳር ጉልበታቸው ይደርሳል፣ በታኅሣሥ ይታጨድና ድርቆሽ ሆኖ በጨረታ ይሸጣል። ከዚያ ከብት ይለቀቅበታል። ከብቱ ጠርጎ ሲጨርስ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ያን ጊዜ ልጆች ቢገቡበት የሚቀየም ሣር የለም፤ ነገር ግን ፀሐዩ ይከብዳቸዋል ተብሎ ይከለከላሉ።

ለሣሩ ዘበኛ ተቀጥሮለታል። አያ ትዕዛዙ ይባላል፤ ዱላውን ይዞ አጥሩን ሲዞር ይውላል። ለልጆቹ የተቀጠረ ዘበኛ አልነበረም። ልጆቹ በሣሩ ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ተሰልፈው ይገባሉ፣ ተሰልፈው ይወጣሉ። አንዱ እግሩ ከመስመር ከወጣ አያ ትዕዛዙ «ሣሩ» ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል ሲናገር የሰማው ልጅ የለም፤ ብዙዎቹ የልጅ ስም የሚጠራ ዘበኛ መኖሩንም አያውቁም።

ስፖርት የሚባል ትምህርት ግን ነበር። መምህርቷ በለጠች ከአዴት ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። አንገቷ ላይ ፊሽካ ታንጠለጥላለች፤ የምትነፋበት ቦታ ስለሌላት እስከ ኅዳር ድረስ እንደ መስቀል ነበር የምትይዘው። ስፖርትን የምታስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ነው። ጠመኔ አንሥታ አንድ ሰው ትስላለች፣ ከእግሩ በታች ቀስት ታደርጋለች፣ ከጎኑ ትጽፋለች፦ የርዝመት ዝላይ አራት ደረጃዎች አሉት፤ መንደርደር፣ መነሣት፣ አየር ላይ መቆየት፣ ማረፍ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ፈተና ይመጣል። በፈተናው ፋና ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። በርዝመት ዝላይ አንደኛ የወጣችው ልጅ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ሁለት እግሯን ከመሬት አላቅቃ አታውቅም። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሀብትነሽም ውጤቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

በለጠች ዝም አላለችም። መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ወንዳወቅ ቢሮ ገብታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከደወል በኋላ ልጆቹን ላሩጥ፣ ላዝልል፣ ገመድና ኳስ ላጫውት ብላ ጠይቃው ነበር።

ወንዳወቅ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሠንጠረዥ ሰው ነው። ዘመኑ ሁሉም ነገር በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ግድግዳ ሁሉ በዕቅድና በክንውን የሚሸፈንበት ነበር። የእሱ ቢሮ ግድግዳም የቀረለት መስኮቱ ብቻ ነው።

«ሐሳብሽ በጣም ጥሩ ነው» አላት። በዚያ ቢሮ ይህ አይሆንም ማለት ነው። «ግን ሣሩ የውስጥ ገቢያችን ነው። ባለፈው ግምገማ ሞዴል የተባልነው በምን ይመስልሻል?»

«በውስጥ ገቢው ምን ገዛንበት?»

«ሽቦ ገዛን እንጂ።»

«የምን ሽቦ?»

«ሣሩን ያጠርንበት ነዋ።»

በለጠች «ገባኝ» ብላ ወጣች። የገባት ነገር ምን እንደሆነ ወንዳወቅ አልጠየቀም።

ከዚያ ወደ እናቶቹ ዞረች። ሀብትነሽ ዘንድ የመጣችው በርበሬ ለመግዛት መስላ ነው።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ፋናን አንዳንድ ቀን ከደወል በኋላ ብታስቀሪልኝ። የምትሮጥበት ቦታ አላጣም፤ ከአጥሩ ውጭም ቢሆን።»

«ምን አሳዳጅ መጣባትና ትሮጣለች?»

«ለጤናዋ ነው።»

«ጤነኛ ናት። ስትታመም አሮጣታለሁ።»

«ልጅ ሲንቀሳቀስ ነው እኮ አጥንቱ የሚጠነክር፤ ትምህርትም የሚገባው።»

«እቴ፣ አንደኛ የወጣች ልጅ ምኑ ነው ያልገባት?» ሀብትነሽ ሳቀች። «ልጅ ዐርፎ ሲቀመጥ ነው አደገ የሚባል። አንቺ ገና አልወለድሽም። ስትወልጂ ይገባሻል።»

አለመውለዷን መከራከሪያ ሲያደርጉባት ይህ ለበለጠች አዲስ አልነበረም። በርበሬዋን ተቀብላ ሄደች።

የትምህርት ቤቱን ሣር በየዓመቱ በጨረታ የሚያሸንፈው አቶ አብተው ነው። ጨረታው ንጹሕ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚያከብረው ሌላ ተጫራች አይመጣም እንጂ የሚከለክለው የለም። አቶ አብተው የወላጅና መምህር ኅብረት ሊቀመንበር ነው፤ በሬ ያደልባል፤ የተቸገረ ሰው ሲያይ አያልፍም። ሰንጋዎቹ የሚደልቡት በትምህርት ቤቱ ድርቆሽ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ የታወቁ ናቸው።

በኅዳር መጀመሪያ አንዱ ሰንጋ በአይሱዙ ሊጫን አስፋልት ዳር ቆሞ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ታስሮ የበላ ሰንጋ ነው። የመኪናውን ደረጃ አየና አልወደደውም። ገመዱን በጠሰ። በዚያው ቅጽበት የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ልጆቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው እየወጡ ነበር።

ሰንጋው ቁልቁል መጣ። አቶ አብተው የተበጠሰውን ገመድ ይዞ ከኋላው ይሮጣል።

«ዝለሉ፣ ቦዩን ዝለሉ» አለ አንድ ሰው።

ከአስፋልቱ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ይህን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ፍየል ሳታስብ ትሻገረዋለች። ከገጠር የሚመጡት ልጆች እንደ ፍየሏ ተሻገሩት። የከተማዎቹም አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በደረቱ፣ እየወደቁ እየተነሡ ወዲያ ማዶ ወጡ። ፋና ቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰችና ቆመች። ውሃውን አየች። ማዶውን አየች። ከዚያ ግርግር ሲኖር አድርጊ የተባለችውን፣ ልጅነቷን ሙሉ የለመደችውን አደረገች። ቁጭ አለች።

ሰንጋው ሊጎዳት አልፈለገም፤ ሊያልፋት ነበር የሞከረው። ግን እሱም ሩጫ አልለመደም። ጎኑ ገፍቷት ቦዩ ውስጥ ጣላትና ክንዷ ከበታቿ ገብቶ ተሰበረ።

ፍኖተ ሰላም ተወስዳ ክንዷ በጀሶ ታሰረ። አቶ አብተው ሕክምናውን ሁሉ ራሱ ቻለ፤ ዶሮ ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «እግዜር ያተረፋት ነው» ተባባለ። ሰንጋው በማግሥቱ ተጭኖ ሄደ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሀብትነሽ ግን እንግዶቹ ሲወጡ ልጇን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ሌሎቹ ዘለሉ አይደለም?»

«አዎ።»

«አንቺስ? ቦዩ ሰፋብሽ?»

ፋና አሰበች። ፈተና ላይ እንደምታስበው ነበር። «የርዝመት ዝላይ አራት ደረጃዎች አሉት» አለች። «መንደርደር፣ መነሣት፣ አየር ላይ መቆየት፣ ማረፍ።»

«እና ታውቂዋለሽ።»

«አንደኛ ነው የወጣሁት።»

«ካወቅሽው ለምን አልዘለልሽም?»

«ዘልዬ አላውቅማ» አለች ፋና።

ቅሬታ የለበትም፤ እንዲያው የሆነውን መናገሯ ነው። ሀብትነሽ ከፊቷ ያለውን የበርበሬ ክምር አየችው፤ ልጇን ከእሱ አጠገብ ያስቀመጠችበትን ከሰዓት ሁሉ አሰበችው። ልጄ ጨዋ ናት ስትል የኖረችው ምን ማለቷ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ ሰንጋ ሲመጣ ቁጭ የምትል ልጅ ማሳደጓ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ የመምህርቷን ቤት እያጠያየቀች ሄደች።

«ያን ነገርሽን ጀምሪው» አለቻት በለጠችን፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«የቱን?»

«ሩጫውን ነዋ። ልጄ ጀሶዋ ሲፈታ መሮጥ መቻል አለባት። መዝለልም። እስከዚያ ደግሞ ሌሎቹ።»

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ሣሩ አለ እኮ።»

«ሣሩን ለእኔ ተዪው።»

የወላጆች ስብሰባ ነበር በዚያው ሳምንት። አጀንዳው የአጥር ጥገና ነው። ሀብትነሽ እጇን አወጣች። ወንዳወቅ አያት፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው እጁን ስላላወጣ ለእሷ ዕድል ሰጣት።

«ልጆቻችን ከደወል በኋላ ሜዳው ላይ ይጫወቱ» አለች። «መምህርቷ ፈቃደኛ ናት። የቀረው የእናንተ ፈቃድ ነው።»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ገበሬ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። «የእኛ ልጆች እንደሁ ጧት ማታ ከብት ኋላ ይሮጣሉ። ሌላ ሩጫ ምን ይሠራላቸዋል?»

በለጠች መለሰች። «አባቴ፣ ከብት ኋላ የሚሮጥ ልጅ ከብቱ በወደደው በኩል ነው የሚሮጠው። በሳምንት ሁለት ቀን እሱ በወደደው በኩል ይሩጥ። ደግሞ ከብት ኋላ የሚሮጠው ወንዱ ነው። ሴቷስ በምን ኋላ ትሩጥ?»

«ሴት ምን ሩጫ አላት» አለ ሰውዬው፤ ተቀመጠም። ለእሱ ነገሩ አልቋል።

አቶ አብተው ጉሮሮውን ጠረገ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ማድረግ አያስፈልገውም። «ሀብትነሽ ልጄ፣ ፋና ላይ የደረሰው እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ግን ሣሩ የሕዝብ ሀብት ነው። በየተራ እየተነሣን የሕዝብ ሀብት ይረገጥ ካልን ነገ ምን ይተርፈናል?»

«ፋናስ የማን ሀብት ናት አያ አብተው?»

አቶ አብተው ወደ ወንዳወቅ ዞረ።

«እንግዲህ ሣሩ በታኅሣሥ ከታጨደ በኋላ የሚታይ ይሆናል» አለ ወንዳወቅ።

«በታኅሣሥ ከብት አይገባበትም?»

«ይገባል።»

«በየካቲትስ?»

«ፀሐይ ነው። ልጆች ይታመማሉ።»

«በሐምሌስ?»

«ሣር ይከለላል።»

«እና ለልጆቹ የትኛው ወር ተረፈላቸው?»

«ጳጉሜ» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወር መሆኑ ነው። ሰዉ ሣቀ። ሀብትነሽ አልሣቀችም። ወንዳወቅ ጉዳዩ በልዩ ልዩ ይያዝ አለ፤ ልዩ ልዩ ላይ ሳይደርሱ ሰዓቱ አለቀና ስብሰባው ተበተነ። የአጥር ጥገናው ግን ጸደቀ።

ሰኞ ከሰዓት ደወሉ ሲደወል ሀብትነሽ በአጥሩ መግቢያ ቆማ ነበር። ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላለች፤ ሁሉም በርበሬ ከሚቀነጥሱት እናቶች ናቸው። ፋና ክንዷ በአንገቷ ታስሮ ከጎኗ ቆማለች። በለጠች ፊሽካዋን በእጇ ይዛለች። ልጆቹ ከክፍል ወጥተው በቀጭኗ መንገድ ተሰለፉ።

«ግቡ» አለቻቸው በለጠች፣ ሣሩን እያሳየች።

ማንም አልገባም። ልጆቹ ሣሩን አዩት፣ አያ ትዕዛዙን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። ያላስተማሯቸው ትምህርት ብዙ ነው፤ ይህን ግን በደንብ አስተምረዋቸዋል።

ሀብትነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። የሽቦውን በር ገፋችና ገባች።

«ሣሩ» አለ አያ ትዕዛዙ።

«አየሁት» አለች ሀብትነሽ።

አያ ትዕዛዙ ዱላውን አነሣ። ከዚያ ዱላውን የሚያሳርፍበት ፈለገ። ልጅ ቢሆን ያውቅበታል። የሰው ሚስት፣ የልጆች እናት፣ ያውም በርበሬ በዱቤ የምትሰጠው ሴት ስትሆን የሚደረገውን ግን ማንም አልነገረውም። ዱላውን ወደ መሬት መለሰው።

ሀብትነሽ ሣሩ መካከል ስትደርስ ቆመች። ዞራ ልጆቹን አየች፤ አሁንም ከመስመራቸው አልተነቃነቁም። መግባት ብቻ እንዳልበቃ ተረዳች። መሮጥ አለባት። ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ በልጅነቷም ሮጣ እንደሁ አታስታውስም፤ ከአምስተኛ ክፍል አስወጥተው ድረዋታል። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና ሮጠች። ሩጫው የሚያምር አልነበረም። በመጀመሪያ አንድ ኮንጎ ጫማዋ ወለቀና ቆመች። ቀጥላ፣ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይታወቃት፣ ከቆመችበት ለመዝለል ሞከረችና በቂጧ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ልጆቹ ሣቁ። እናቶቹም ሣቁ። አያ ትዕዛዙ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከየት በኩል ነው ያጠፋሁት?» አለች ሀብትነሽ ከተቀመጠችበት ወደ ልጇ።

«መንደርደር ላይ» አለች ፋና። «ያንን ዘለልሽው።»

በለጠች ፊሽካዋን ነፋች። ከመስከረም ጀምሮ የታፈነ ትንፋሽ ነበርና እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ልጆቹ መስመራቸውን ጥሰው ገቡ።

በማግሥቱ ሀብትነሽ የሕዝብ ንብረት አውድመሻል ተብላ ቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተጠራች። ከሳሹ የወላጅና መምህር ኅብረት ነው፤ የቀረበው አቶ አብተው። ዳኛው የሀብትነሽ አበ ልጅ ነውና ሲናገራት ቀና ብሎ አያያትም።

«ሣሩን ረግጠሻል?»

«ረግጫለሁ። ሮጬበታለሁም።»

«ጥፋት ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም። ልጄ የተሰበረችው ያን ሣር ስላልረገጠች ነው። እኔ ነኝ ቁጭ በይ ያልኳት፤ የእኔን ጥፋት አምናለሁ። እናንተ ግን የምትነሣበት ቦታ ከለከላችኋት፤ የእናንተን እናንተ እመኑ።»

ዳኛው ብዕሩን አነሣ። ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ሽማግሌዎች ገምተው እስኪያቀርቡ፣ ፍርዱም እስኪሰጥ ድረስ ልጆቹ ሣሩ ላይ እንዳይገቡ አዘዘ።

«ይህን አልቀበልም» አለች ሀብትነሽ። «ፍርዱ እስኪመጣ ይጫወታሉ። ፍርዱ ሲመጣ ላባቸውን ጠርገው ይሰማሉ። ማሰር ካለባችሁ እኔን ነው፤ ባዶ እጄን አልመጣም፤ የምቀነጥሰውን በርበሬ ይዤ ነው የምታሰረው።»

ማንም አላሰራትም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማቸው ምን እንደሚደረግ ከበላይ የወረደ ነገር አልነበረም።

ገማቾቹ ረቡዕ ከሰዓት መጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አቶ አብተው ከፊት ይመራል። ልጆቹ በሣሩ መካከል እየተሯሯጡ ነበር። አንዱ ቡድን ገመድ ይዘላል፣ አንዱ ኳስ ያሳድዳል፣ በለጠች ከርዝመት ዝላዩ ጋ ቆማ ትቆጥራለች። ሀብትነሽ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ታያለች። ገማቾቹ ጉዳቱን በቅርብ ለማየት ብለው ሣሩ ውስጥ ገቡ። ልጆቹ ያልረገጡትን እነሱ እየረገጡት ሄዱ።

አንዲት ልጅ አቶ አብተውን አየችው። «ሊቀመንበሩ» አለች። ኳሱ ቆመ፤ ገመዱ ወደቀ።

ልጆቹ አልሸሹም። ሁሉም በያሉበት ቁጭ አሉ። ማንም ያዘዛቸው የለም። ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደሚደረገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ። ሜዳው ሙሉ ልጅ ተቀምጦ ጸጥ አለ። በቅርቡ ያለችው ትንሽ ልጅ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

አቶ አብተው ባለበት ቆመ። ያን ቀን ሰንጋውን ተከትሎ ሲሮጥ፣ ፋና ቦዩ አፋፍ ላይ ቁጭ ስትል ፊት ለፊት ያያት ሰው እሱ ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና። ያን ጊዜ ደንግጣ ነው ብሎ ነበር። አሁን ሜዳ ሙሉ ፋና በፊቱ ተቀምጧል፤ ከፊታቸው የቆመው ግን ሰንጋ አይደለም፣ እሱ ነው።

«ተነሡ» አለ።

አልተነሡም። ጨዋ ልጆች ናቸው።

«ተነሡ እንጂ ልጆቼ። ሩጡ።» ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ አልነበረም። ቢነሡ የሚቆጣቸው፣ ባይነሡም የሚቆጣቸው መስሏቸው ልጆቹ ይብስ ተኮራመቱ። አቶ አብተው ወደ በለጠች ዞረ። «እባክሽ መምህርት፣ ያንን ንፊው።»

ነፋችው። ልጆቹ ቀስ እያሉ፣ እሱን በጎን እያዩ ተነሡ። የመጀመሪያው ሮጠ፤ ሁለተኛው ተከተለ።

«እንግዲህ ግምቱን…» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ተዉት» አለ አቶ አብተው። «የሚገመተው ሌላ ነው፤ እሱን እኛ አንችለውም።» ከዚያ ሀብትነሽ ወዳለችበት ሄዶ ከፊቷ ቆመ። «ክሱን አነሣለሁ።»

«ሜዳውንስ?»

«ከክፍሎቹ ፊት ያለው የእነሱ ይሁን። ወደ ወንዙ ያለው ለሣር ይቅር።»

«ከወንዝ ወዲህ ያለው ሁሉ» አለች ሀብትነሽ። የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ በመጀመሪያ ዋጋ ተስማምታ አታውቅም። አቶ አብተው ሣሩን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ደስ አሰኝቶ አላለቀም። ያ ገበሬ ሴት ልጁን ከጨዋታው ሰዓት በፊት መጥቶ ይወስዳት ነበር፤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ሐሳቡን አልለወጠም። አንዲት እናት ልጄ ጫማ ጨረሰብኝ ብላ ሀብትነሽን ገበያ መሐል ሰደበቻት። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ተራ ገብተው አንዱ የሌላውን ከብት እየያዘ መጫወት ጀመሩ፤ በዚህም አንድ ጥጃ የሰው ጤፍ ገባ። ወንዳወቅ በሚቀጥለው ግምገማ «ከትምህርት ሰዓት በኋላ የአካል እንቅስቃሴ» የሚል አዲስ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሐሳቡ ከማን እንደመነጨ ሳይጽፍ፣ በድጋሚ ሞዴል ተባለ። በለጠች ይህን ስትሰማ «ይሁን፣ ሠንጠረዡን እሱ ይውሰድ፤ ሜዳውን እኛ» አለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መምህራን፣ ሊቃነ መናብርት፦ በእናንተም ግቢ የማይረገጥ ነገር አይጠፋም። ሣር ባይሆን አበባ፣ አበባ ባይሆን የጸዳ ሲሚንቶ፣ እሱም ባይሆን «ዐርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ቃል ይሆናል። ልጅ እንዲቀመጥ ማስተማር ቀላል ነው፤ በጊዜው ተነሥቶ እንዲሮጥ ለማስተማር ግን ሜዳ፣ ሰዓትና አንድ ፊሽካ ያስፈልጋል። ሣሩ ከርሞም ሣር ነው። የዘንድሮ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ከርሞ የአራተኛ ክፍል ልጅ አይደለችም። የሚከለክላችሁ ካለ አትለምኑት፤ ነጠላችሁን አሸርጡና በሩን ገፍታችሁ ግቡ።

የፋና ጀሶ በጥር ተፈታ። በየካቲት አንድ ከሰዓት ሀብትነሽ ከገበያ ስትመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አለፈች። አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ተሸክማለች፤ ነገ ጧት የሚረከብ ደንበኛ አለ፤ አልተቀነጠሰም። ሜዳው ላይ ከአቧራው መካከል ልጇን አየቻት። ፀሐዩ እንደተባለው ከባድ ነበር፤ የታመመ ልጅ ግን አይታይም።

«ፋና፣ ነይ እንሂድ» ብላ ተጣራች።

ፋና ዞር አለች። እናቷን አየቻት፣ ማዳበሪያውንም አየችው። ሰምታለች።

«ቆዪ፣ ተራዬ ነው» አለችና ለመንደርደር ወደ ኋላ ሄደች።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርታ ያልመጣችው ያን ቀን ነበር። በአጥሩ ዳር የምታልፍ አንዲት ሴት «ምነው ሀብትነሽ፣ ልጅሽ ባለገች ልበል?» አለች።

«አዎ» አለች ሀብትነሽ። ማዳበሪያውን አወረደችና፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ፣ በርበሬዋን ራሷ መቀንጠስ ጀመረች።